«ትንሽ ዲኮ» ስንት ደቂቃ ነው? ለመዝናኛ ጠላቂዎች የአራት አማራጮች ንጽጽር

30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ቆይቶ የሚወጣ ጠላቂ ዲኮ አለበት ወይስ የለበትም? በየጥልቀቱ የሚፈቀደውን ደቂቃ በሚያሳየው በፓዲ (የመዝናኛ ጠለቃ አሠልጣኝ ድርጅት) ሰንጠረዥ የሰለጠነ ሰው «ገደቡ ላይ ደረሰ እንጂ አላለፈም፤ የለበትም» ይላል። በፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሰንጠረዥ፣ በኤምኤን 90፣ የተማረው ደግሞ «3 ሜትር ላይ 2 ደቂቃ ሳይቆም መውጣት የለበትም» ይላል። ሦስተኛው ሰው የእጁን ኮምፒውተር፣ ጥልቀቱንና ጊዜውን እያሰላ የሚመራውን መሣሪያ፣ ያያል፤ የኮምፒውተሩ መልስ ደግሞ ባለቤቱ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመረጠው የጥንቃቄ ደረጃ ይወሰናል። የሦስቱም ሰውነት የዋጠው ናይትሮጅን ግን ያው ነው።

ዲኮምፕሬሽን፣ ጠላቂዎች አሳጥረው ዲኮ የሚሉት፣ በግፊት ወደ ሰውነት የገባው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ጉዳት ሳያደርስ ቀስ በቀስ በሳንባ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በዚህ ትርጉም ዲኮ የሌለው ጠለቃ የለም፤ በደቂቃ 9 ሜትር እየተለካ መውጣቱ ራሱ ዲኮ ነው። ሰንጠረዦች የሚያሰምሩት መስመር የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ከመስመሩ ወዲህ ያለ ሰው ችግር ቢገጥመው በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። ከመስመሩ ወዲያ የተሻገረው ግን ከራሱ በላይ የማይታይ ጣሪያ አለው፤ ችግሩን እዚያው ውሃ ውስጥ መፍታት አለበት።

«ትንሽ ዲኮ» የሚባለው ታዲያ የት ነው የሚያበቃው? አንድ የተስማሙበት ቁጥር የለም። በብዛት የሚሠራበት ልማድ ከ40 ሜትር ያልበለጠ ጥልቀትና በድምሩ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ማረፊያ፣ ማለትም ሲወጡ በተወሰነ ጥልቀት ቆሞ መቆየት፣ ነው፤ የፓዲ ቴክ 40 ኮርስም ተማሪዎቹን የሚያቆማቸው እዚሁ ላይ ነው። በእንግሊዙ የጠላቂዎች ክለብ በቢሳክና በፈረንሳይ የሥልጠና መንገድ ጥቂት ደቂቃ ዲኮ የተለመደ የክለብ ጠለቃ አካል ነው። በአሜሪካ የተመሠረቱት ትልልቆቹ የመዝናኛ ድርጅቶች ደግሞ ማንኛውንም የግዴታ ማረፊያ እንደ ድንገተኛ አጋጣሚ ያስተምራሉ። አንዱ ደፋር ሌላው ፈሪ ሆኖ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዲኮ ከመፍቀዳቸው በፊት የጋዝ ስሌትና ቦታን ይዞ መቆም ያስተምራሉ፤ ሁለተኞቹ ያንን ለቴክኒካል ኮርስ አቆይተውታል። አደጋው ያለው የአንዱን ፈቃድ ከሌላው ሥልጠና ጋር በሚያዳቅል ሰው ላይ ነው።

በእኛ ሚዛን ደቂቃው ብቻውን ምንም አይናገርም። መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ታች በከፋው ቅጽበት የጓደኛችሁ አየር ቢያልቅ፣ በእናንተ ሲሊንደር ሁለታችሁም ማረፊያውን ጨርሳችሁ መውጣት ትችላላችሁ? ከቻላችሁ 8 ደቂቃም ትንሽ ነው። ካልቻላችሁ 3 ደቂቃም ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አራት አማራጮች በዚሁ ጥያቄ እንመዝናቸዋለን። ምሳሌያችን በቀይ ባሕር የሰመጠችው ቲስልጎርም ትሁን። እ.ኤ.አ. በ1941 በቦምብ የተመታች የእንግሊዝ ጭነት መርከብ ናት፤ 30 ሜትር ገደማ ላይ በአሸዋ ተቀምጣለች፣ የላይኛው ወለሏ ከ20 ሜትር በታች አይወርድም። «አምስት ደቂቃ ብቻ ልጨምር» የሚያሰኝ ቦታ ነው።

አንደኛ፦ በተራ አየር፣ ከገደቡ ሳያልፉ

የፓዲ ሰንጠረዥ በአየር ለሚጠልቅ ሰው የሚፈቅደው 18 ሜትር ላይ 56 ደቂቃ፣ 25 ሜትር ላይ 29፣ 30 ሜትር ላይ 20፣ 35 ሜትር ላይ 14፣ 40 ሜትር ላይ 9 ነው። ኮምፒውተር በየሰከንዱ ያለችሁበትን ጥልቀት ስለሚቆጥር፣ መጀመሪያ ወደ ፕሮፔለሩ ወርዶ ቀሪውን ጊዜ ላይኛው ወለል ላይ ለሚያሳልፍ ሰው ከዚህ ብዙ የሚረዝም ጠለቃ ይሰጠዋል። ስለዚህ ዲኮን ከማሰባችሁ በፊት የጠለቃውን ቅርጽ አስተካክሉ፤ ጥልቁን ክፍል በመጀመሪያ፣ ጥልቀት የሌለውን በመጨረሻ።

የተለመደው ስህተት ኮምፒውተሩ «1 ደቂቃ ቀረህ» እስኪል መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ጓደኛን መጥራት፣ ገመዱን መፈለግ፣ ከ28 ሜትር ወደ 22 እየተዝናኑ መውጣት አለ፤ በዚህ መካከል ናይትሮጅን መግባቱን አያቆምም፣ ጣሪያውም ይመጣል። 5 ደቂቃ ሲቀር መነሳት ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅለዋል። 5 ሜትር ላይ የሚደረገው የ3 ደቂቃ የጥንቃቄ ማረፊያ መልካም ልማድ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም፤ አየር ካለቀ ይዘለላል።

እዚህ ላይ ስለ ኮምፒውተር ማስተካከያ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጣላው በዚህ ነውና። የሺርዋተር ኮምፒውተሮች በመዝናኛ ሁነታ ሦስት ደረጃዎች አሏቸው፦ 45/95፣ 40/85 እና 35/75። ሁለተኛው ቁጥር ከውሃው ስትወጡ ሰውነታችሁ ቡልማን የተባለው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ካስቀመጠው የግፊት ገደብ ስንት በመቶ ድረስ እንዲጠጋ እንደፈቀዳችሁ ይናገራል። እንግዲህ በ35/75 «4 ደቂቃ ዲኮ» ያየ ሰውና በ45/95 «ዲኮ የለም» የሚል ያየ ጓደኛው አንድ ዓይነት ጠለቃ ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ዲኮ በአብዛኛው ራሱ የጨመረው ጥንቃቄ ነው። በ45/95 የመጣ 4 ደቂቃ ግን ምንም ትርፍ የለውም፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ዕዳ ነው። «ትንሽ ዲኮ ነበረብኝ» የሚላችሁን ሰው ከደቂቃው በፊት በስንት በስንት እንዳስተካከለው ጠይቁት። ሁለት ሰዎች አብረው ሲጠልቁ የሚከተሉት ጥብቁን ኮምፒውተር ነው። ታች ሆኖ ማስተካከያውን መለዋወጥ ግን ሚዛኑን አንጋዶ ክብደት እንደ መቀነስ ነው።

ሁለተኛ፦ ናይትሮክስ 32፣ ከገደቡ ሳያልፉ

ከ25 እስከ 33 ሜትር ባለው ጥልቀት ስለ ትንሽ ዲኮ የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የሚያስፈልገው ዲኮ አይደለም፤ ናይትሮክስ፣ ኦክስጅኑ ከተራ አየር የበዛ ጋዝ፣ ነው። ስሌቱ አጭር ነው። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 ባር ነው (1 ባር በባሕር ገጽ ላይ ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው)። ናይትሮክስ 32 ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 68 በመቶ ስለሆነ፣ 30 ሲደመር 10፣ ሲባዛ በ0.68፣ በአየር ውስጥ ላለው የናይትሮጅን ድርሻ ለ0.79 ሲካፈል፣ 10 ሲቀነስ 24.4 ሜትር ይመጣል። ሰውነታችሁ ናይትሮጅኑን የሚቀበለው በአየር 24.4 ሜትር ላይ እንዳለ ሰው ነው ማለት ነው። የ25 ሜትሩን መስመር ስታዩ 20 ደቂቃው 29 ሆነ። ጣሪያ የለም፣ ተጨማሪ ዕቃ የለም።

ዋጋው ጥልቀት ነው። የኦክስጅን ግፊት ከ1.4 ባር እንዳያልፍ 32 በመቶ ከ33 ሜትር፣ 36 በመቶ ደግሞ ከ28 ሜትር በታች አይወሰድም። ሲሊንደሩን ራሳችሁ ለኩ፤ መለኪያውን በአየር 20.9 ላይ አስተካክሉ፣ ቫልቩን በጣም ትንሽ ክፈቱ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ፣ በቴፕ ላይ መቶኛውን፣ የጥልቀት ገደቡን፣ ቀኑንና ስማችሁን ጻፉ። ሁለት ዓይነት መዘንጋት አለ። በሲሊንደሩ ናይትሮክስ ሆኖ ኮምፒውተሩ አየር ላይ ከቀረ የናይትሮጅኑ ቆጠራ ወደ ጥንቃቄ ያደላል፤ የኦክስጅኑን ገደብ ግን አያስጠነቅቃችሁም። ኮምፒውተሩ 32 ላይ ሆኖ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ከሆነ ግን እናንተ ሳታውቁት ዲኮ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ማያው ላይ ምንም አይታይም።

ሦስተኛ፦ ጥቂት ደቂቃ ዲኮ፣ በጀርባ ባለው ጋዝ

ብዙ ሰው «ትንሽ ዲኮ» ሲል የሚያስበው ይህንን ነው፤ በጣም የሚሳሳትበትም ይኸው ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ስሌት ነው፦ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 6 ሜትር ላይ፣ በ1.6 ባር፣ 6 ደቂቃ ሲቆም 192 ሊትር ይጨርሳል። በ12 ሊትር ሲሊንደር 16 ባር ብቻ! እና «50 ባር ይዤ ከደረስኩ ይተርፈኛል» ይባላል።

ይህ ሁሉም ነገር በደህና ሲሄድ ነው። አሁን ደግሞ 30 ሜትር ላይ የጓደኛችሁ አየር አልቆ ከእናንተ ሲሊንደር እየተነፈሰ ነው እንበል። ሁለታችሁም ደንግጣችኋል፤ እያንዳንዳችሁ በደቂቃ 30፣ በአንድ ላይ 60 ሊትር ትስባላችሁ።

ለመረጋጋትና ለመነሳት 1 ደቂቃ በ4 ባር፦ 240 ሊትር። ከ30 ወደ 6 ሜትር ለመውጣት 3 ደቂቃ ገደማ፣ በአማካይ 2.8 ባር፦ 504 ሊትር። ከ6 ሜትር ወደ ላይ 1 ደቂቃ፦ 78 ሊትር። ድምር 822። በ12 ሊትር ሲሊንደር 70 ባር መሆኑ ነው። 200 ባር ከሞላው 2,400 ሊትር ይህ ሲቀነስ 1,578 ይቀራል፤ 30 ሜትር ላይ በደቂቃ 80 ሊትር ሲወጣ 20 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ልብ በሉ፦ የአንድ 12 ሊትር ሲሊንደር አቅምና በአየር ያለ ዲኮ የሚፈቀደው ጊዜ እዚህ ጥልቀት ላይ እኩል ወጡ።

አሁን የ6 ደቂቃውን ማረፊያ ጨምሩበት። 576 ሊትር ነው፤ ድምሩ 1,398። በ12 ሊትር 117 ባር ማለት ነው። ለታች የሚቀረው 1,002 ሊትር፣ ወይም 12 ደቂቃ ተኩል ነው። በ12 ደቂቃ ደግሞ ሲጀመር ዲኮ አይመጣም! ስለዚህ በ12 ሊትር ሲሊንደር፣ በዚህ አተነፋፈስ፣ 30 ሜትር ላይ ዲኮ የሚገባ ሰው ያንን ያደረገው የጓደኛውን ጋዝ በልቶ ነው። በ15 ሊትር 20 ደቂቃ ይገኛል፤ እሱም ገና ገደቡ ላይ ነው። በደቂቃ 14 ሊትር የሚበቃው የተረጋጋ ጠላቂ በ15 ሊትር 28 ደቂቃ ያገኛል፤ ትንሽ ዲኮ ለእሱ ትርጉም አለው፤ ጓደኛውም እንደሱ ከሆነ ብቻ ግን። መንታ 12 ሊትር የያዘ ከ40 ደቂቃ በላይ አለው፣ ሁለት ቫልቭና ሁለት ሬጉሌተርም (አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ የሚያደርስ መተንፈሻ) ስላለው አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይቀራል። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ሲሊንደሩ 200 ባር ሲሞላ ነው፤ ጀልባ ላይ 180 ሆኖ ከመጣ 12 ሊትሩ ላይ 240 ሊትር ጎድሏል። ስሌቱን ከእራት በኋላ ሳይሆን ጌጁን አይታችሁ ሥሩት።

ሌላው ጉዳይ ክብደት ነው። ማረፊያ የሚዘለለው በአየር እጥረት ብቻ አይደለም። አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ12 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ስትተነፍሱ 2 ኪሎ የሚያልፍ ክብደት ከጀርባችሁ ሄዷል። ሲገቡ የተመጣጠነ ሰው ሲወጣ ወደ ላይ ይሳባል፤ አሉሚኒየም ሲሊንደር ሲሆንማ ይብሳል። የጥንቃቄ ማረፊያ ላይ ሳለ ይህ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም፤ ጣሪያ ሲኖር ግን ጉዳት ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ በ50 ባር፣ ቢሲዲው (አየር የሚሞላው የመንሳፈፊያ ጃኬት) ባዶ ሆኖ፣ 5 ሜትር ላይ እግር ሳታንቀሳቅሱ ሦስት ደቂቃ መቆም ከቻላችሁ ክብደታችሁ ልክ ነው። ካልቻላችሁ ይህ አማራጭ ገና የእናንተ አይደለም።

ቲስልጎርም ላይ የውሃው ፍሰት ኃይለኛ ሊሆን ይችላል፤ በማሰሪያው ገመድ ላይ እንደ ባንዲራ እየተውለበለቡ መቆም አለ። ገመዱን ያጣ ሰው በክፍት ውሃ እየተነዳ ማረፊያውን ማድረግ ስላለበት ተንሳፋፊ ምልክትና መጠቅለያ ገመድ መያዝ፣ ከ6 ሜትር በታች ሆኖ መልቀቅም መቻል አለበት። ብርድም አለ። ታች ሲንቀሳቀስ የሞቀው ሰው ላይ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደሙ ወደ እጅና እግር መሄዱን ይቀንሳል፤ ናይትሮጅኑም ከዚያ በዝግታ ነው የሚወጣው።

አራተኛ፦ ዲኮ ከጎን ሲሊንደር ጋር፣ በ50 በመቶ ኦክስጅን

6 ሜትር ላይ አየር የሚተነፍስ ሰው 1.26 ባር ናይትሮጅን ይስባል፤ በናይትሮክስ 32 1.09 ነው፤ በ50 በመቶ 0.8 ብቻ። ልዩነቱ ሲጨምር ናይትሮጅን ከሰውነት የሚወጣበት ፍጥነትም ይጨምራል። 40 ኪዩቢክ ጫማ የሚባለው አነስተኛ አሉሚኒየም ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር ገደማ፣ ለትንሽ ዲኮ ከበቂ በላይ ነው፤ ከጀርባው የተለየ ጋዝ መሆኑም ራሱን የቻለ መጠባበቂያ ነው። ጥሩው አጠቃቀም ኮምፒውተሩ ማረፊያውን በጀርባ ጋዝ አስልቶ፣ የጎኑን ጋዝ እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ መተንፈስ ነው፤ ሲሊንደሩ ቢጠፋ ወይም ሬጉሌተሩ እምቢ ቢል ዕቅዱ አይፈርስም።

የሚገድለው ስህተት አንድ ነው፦ ጋዙን ባልተፈቀደ ጥልቀት መተንፈስ። 50 በመቶ 30 ሜትር ላይ የኦክስጅን ግፊቱ 2 ባር ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ አፍ ሬጉሌተሩን ይለቃል፣ ሰውየው ይሰጥማል። ገደቡ 21 ሜትር ነው፤ በሲሊንደሩ ላይ በጉልህ ይጻፋል። ሲቀየር መጀመሪያ ጽሑፉን ማንበብ፣ ጥልቀቱን ማየት፣ ቫልቩን መክፈት፣ ቧንቧውን ከሲሊንደሩ እስከ አፍ በእጅ መከተል፣ ጓደኛ አይቶ ሲያረጋግጥ መተንፈስ፣ ኮምፒውተሩን መቀየር በመጨረሻ። ይህንን ከጽሑፍ አንብቦ የሚሞክር ሰው የለም፤ ኮርስ ይወሰድበታል። ለ3 ደቂቃ ማረፊያ ይህን ሁሉ መሸከም አይገባም የሚል ካለ ልክ ነው፤ ግን ሁለተኛው አማራጭ ይሻለዋል እንጂ ሦስተኛው አይደለም።

ሳታስቡት ዲኮ ከገባችሁ

ኮምፒውተሩ ጣሪያ ካሳየ መልሱ ወዲያው መነሳት ነው፤ በደቂቃ 9 ሜትር። መንገድ ላይ 15 ወይም 18 ሜትር ላይ ቆሞ «ልረፍ» ማለት አይጠቅምም፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ውጤት ጥልቅ ማረፊያ የጨመሩት ጠላቂዎች በዲኮምፕሬሽን በሽታ፣ አረፋው በሚያመጣው ጉዳት፣ ይበልጥ ተይዘዋል። ጣሪያው 3 ሜትር ከሆነ ማዕበል ባለበት 3 ሜትር ላይ መታገል አያስፈልግም፤ 5 ሜትር ላይ ቆዩ፣ ቆጠራው ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ትጨርሱታላችሁ። የኮምፒውተሩ ቆጠራ ካለቀ በኋላ አየር ካላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ።

በፓዲ ሰንጠረዥ የሚጠልቅ ሰው ገደቡን እስከ 5 ደቂቃ ካለፈ 5 ሜትር ላይ 8 ደቂቃ ይቆማል፣ ለ6 ሰዓትም አይጠልቅም። ከ5 ደቂቃ በላይ ካለፈ አየሩ እስከፈቀደ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቆማል፣ ለ24 ሰዓት ከውሃ ይርቃል። አየር እያለቀ ከሆነ ግን ማረፊያውን ትቶ መውጣት ነው፤ የዲኮምፕሬሽን በሽታ ይታከማል። ማረፊያ ዘሎ የወጣ ሰው ተመልሶ ውሃ አይገባም። ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ ጋደም ይላል፣ ውሃ ይጠጣል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የቆዳ መዥጎርጎር ወይም ያልተለመደ ድካም ከመጣ የግፊት ቻምበር ወዳለበት ሐኪም ይደወላል። ምልክቱ በብዛት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይታያል፤ «ትከሻዬን ጀልባው ላይ መታኝ» እያሉ ማደር የተለመደው መዘግየት ነው።

ስለ ሕግና ኢንሹራንስ በአጭሩ፦ ማልዲቭስ ከ30 ሜትር በታችም ሆነ ዲኮ ያለበት የመዝናኛ ጠለቃ አትፈቅድም። ሌላ ቦታም ኢንሹራንሳችሁ ከሥልጠናችሁ በላይ ለሆነ ጠለቃ ይከፍል እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡ።

ከወጣችሁ በኋላ፣ ወደ ደጋ ስትመለሱ

ለእኛ አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ወይም ዳን ከመብረር በፊት የሚመክረው ከአንድ ያለ ዲኮ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ጠለቃ በኋላ 18 ሰዓት፣ ዲኮ ካለበት ከ18 በጣም የሚበልጥ ነው፤ በተግባር 24 ሰዓት ይያዛል። ምክሩ የሚሠራው ለአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን ከ600 ሜትር በላይ ለሆነ ማንኛውም ከፍታ ነው። የአውሮፕላን ካቢን ግፊት ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ጋር እንዲስተካከል ይፈቀዳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጅቡቲ ጠልቆ በመኪና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው፣ ለሰውነቱ፣ አውሮፕላን ተሳፍሯል። ከኤይላት በሚጽፔ ራሞን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም የሚነዳም ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል።

ሐይቅ ላይ መጥለቅ ያሰበ ሰው ከዚህም ሌላ ስሌት አለበት። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሐይቁ ገጽ ግፊት 0.8 ባር ገደማ ነው፤ 20 ሜትር የሐይቅ ጥልቀት በባሕር ሰንጠረዥ እንደ 25 ሜትር ይነበባል። የድሮ ኮምፒውተር ከፍታውን በእጅ ካልነገሩት አያውቅም። ከጅቡቲ የሚመለሰው ደግሞ ሰዓቱን ይቁጠር፦ ቅዳሜ ከሰዓት በ9 ሰዓት ዲኮ ይዞ የወጣ ሰው እሑድ ጠዋት ወደ ደጋ በሚነሳው መኪና ላይ ቦታ አይያዝ።